እንፋሎትን በልክ ማውጣት፦ የኤሌክትሪክ ውሃ ማንጠሪያ በደጋው አገር

ውሃን ከባዕድ ነገር ለመለየት ሰው ካወጣቸው ጥበባት መካከል አንዱ፣ በዕድሜው የሸመገለውና እስከ ዛሬም እምነት የሚጣልበት፣ ውሃውን በእሳት ኃይል ወደ እንፋሎት ለውጦ፣ ጨዉንና ደለሉን ከማፍያው ውስጥ አስቀርቶ፣ እንፋሎቱን ብቻ በቀዝቃዛ ቱቦ አሳልፎ መልሶ ውሃ የሚያደርገው የማንጠር ጥበብ ነው። ይህንኑ ሥራ በኤሌክትሪክ የሚፈጽመው፣ የላቦራቶሪ ሰዎች «ዲስቲለር» የሚሉት መሣሪያ፣ በሆስፒታልና በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ጥግ ላይ ከግድግዳ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ሲንጠባጠብ ይውላል፤ ለደምና ለሽንት ምርመራ የሚበጠበጠው ኬሚካል፣ የሐኪም መሣሪያ የሚቀቀልበት አውቶክሌቭ፣ ከዚያም አልፎ የመኪናው ባትሪ ሁሉ በዚህ ውሃ ይገለገላሉና፣ ዝም ብሎ የሚሠራ ቢመስልም የብዙዎች ሥራ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

የመሣሪያው ብልቶች በቁጥር ጥቂት ናቸው። ከታች ማፍያው አለ፤ በውስጡም ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚግለው ሪዚስታንስ በውሃ ተጠልቆ ይኖራል። ከማፍያው በላይ እንፋሎቱ የሚሰበሰብበትና ከፍንጣቂው የሚለይበት ባዶ ስፍራ ይገኛል፤ ከዚያ ወዲያ እንፋሎቱ የቧንቧ ውሃ በዙሪያው ወደሚፈስበት ማቀዝቀዣ ገብቶ ይረጋና በጠብታ ይወርዳል። አንዲት ጠባብ መተንፈሻም አለች፤ ክሎሪንና አሞንያን የመሳሰሉት፣ ከውሃው ጋር ተዋሕደው የነበሩ ነፋሳት የሚሸሹት በእርሷ በኩል ነው።

እንግዲህ ለዚህ መሣሪያ ጠባቂ ሆኖ የተሾመ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ዋና ነገር፣ ውሃው እንዴት ይፈላል የሚለው ሳይሆን፣ እንፋሎቱ በምን ፍጥነት ይውጣ የሚለው ነው። የመሣሪያው ፍሬ ብዛቱም ንጽሕናውም በዚህ አንድ ነገር የተወሰነ ሲሆን፣ በብዙ ቤተ ሙከራ የማየው ግን ማብሪያውን ከፍቶ መሄድ እንጂ ፍጥነቱን መመጠን አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት፣ ሊቃውንቶቻችን ስለ አራቱ ባሕርያት ሲያስተምሩ እሳት ውዑይና ይቡስ፣ ውሃ ቈሪርና ርጡብ መሆናቸውን እንደሚናገሩ እናስታውስ፤ እነዚህ ሁለቱ ጠባያቸው የሚቃረን ሲሆኑ በማፍያው ውስጥ በተገናኙ ጊዜ የሚሆነውን ነገር በቁጥር የመረመረው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1760ዎቹ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ ነው። ይህ ሊቅ እንዳስረዳው፣ ውሃ መፍላት ከጀመረ በኋላ የቱንም ያህል እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ ከነበረበት አንዲት ዲግሪ እንኳ ከፍ አይልም፤ የተጨመረው እሳት ሁሉ በእንፋሎቱ ውስጥ ተሰውሮ ይሄዳል እንጂ በቴርሞሜትር አይታይም። ስለዚህ እሳትን ማብዛት ውሃውን ይበልጥ ማሞቅ ሳይሆን እንፋሎቱን ማብዛት ነው፤ እሳትን መቀነስም እንደዚሁ እንፋሎቱን ማሳነስ ነው።

የሚፈላበትን ዲግሪ የሚወስነው ደግሞ ከላይ የተጫነው የአየር ክብደት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,446 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናትና፣ በላይዋ ያለው የአየር ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ሲሆን፣ ውሃዋም በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ይኸው ማንጠሪያ በደጀን ቁልቁል ተጭኖ ወደ ዓባይ ድልድይ ቢወርድ ከ96 ዲግሪ በላይ ይፈልግ ነበር፤ በጮቄ ተራራ ራስ ላይ ቢወጣ ግን 86 ገደማ ይበቃው ነበር። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ሰው ሊያበጅ አስቦ በማፍያው ላይ ቴርሞስታት ቢያስገባ ከንቱ ድካም ይሆንበታል፤ በ95 ዲግሪ እንዲዘጋ የታዘዘ ቴርሞስታት፣ በማፍያው ውሃ እስካለ ድረስ በደብረ ማርቆስ ለዘላለም አይዘጋም፤ በ90 እንዲዘጋ የታዘዘው ደግሞ ውሃው ሳይፈላ እሳቱን ይነጥቃል። ቴርሞስታት ውሃው አልቆ ሪዚስታንሱ ሲጋለጥና ሲግል እሳቱን ለመቁረጥ ታማኝ ዘበኛ ነው፤ የእንፋሎትን ፍጥነት ለመምራት ግን ሥልጣን የለውም። መመራት ያለበት ወደ ሪዚስታንሱ የሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይል ራሱ ነው።

ሂሳቡ ለማንም የሚገባ ነው። በ20 ዲግሪ የገባውን አንድ ሊትር ውሃ ወደ 92 ለማድረስ 72 ኪሎ ካሎሪ ይፈጃል፤ ያንኑ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 540 ኪሎ ካሎሪ የሚያህል ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ዋት በአንድ ሰዓት የሚሰጠው 860 ኪሎ ካሎሪ ነውና፣ በደብረ ማርቆስ ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት በሰዓት 1.4 ሊትር ያህል ይወጣል፤ በቤተ ሙከራ የተለመደው ባለ 3 ኪሎ ዋት መሣሪያም፣ ወደ ውጭ የሚባክነው ሙቀት ሲቀነስ፣ 4 ሊትር ያህል ይሰጣል ማለት ነው። የሚገባው ውሃ በማቀዝቀዣው በኩል አልፎ 60 ዲግሪ ሞቆ ቢደርስ 1.4ቱ ወደ 1.5 ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ደኅና ሆኖ የተሠራ ማንጠሪያ ማቀዝቀዣውን ካቀዘቀዘው ውሃ ጥቂቱን ወደ ማፍያው ይመልሳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ባንድ ጊዜ በብዛት ሲገባበት ግን ፍሉ ጸጥ ይልና እንፋሎቱ ይቋረጣል።

ይህ ሁሉ ግን ኤሌክትሪኩ በልኩ ሲመጣ ነው። የሪዚስታንስ ኃይል ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ በቮልቱ ካሬ ይወርዳል እንጂ። ማታ ማታ በየቤቱ የእንጀራው ምጣድ በተጣደ ጊዜ 220 መሆን የሚገባው ቮልት በሰፈሩ መስመር ላይ ወደ 180 ቢወርድ፣ ቮልቱ የቀነሰው ከአንድ አምስተኛ ባነሰ ሲሆን የእንፋሎቱ መጠን ግን በሢሶ ይቀንሳል፤ 3 ኪሎ ዋት የነበረው 2 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ በ15 ደቂቃ ይሞላ የነበረው የአንድ ሊትር መስፈሪያም ከ22 ደቂቃ በፊት አይሞላም። እኩለ ሌሊት ምጣዱ ሁሉ በወረደ ጊዜ ደግሞ ቮልቱ ተመልሶ ይወጣና፣ ለማታው ብሎ የቀዝቃዛውን ውሃ አፈሳሰስ ያሳነሰ ጠባቂ እንፋሎቱ በመተንፈሻው በኩል እየጮኸ ሲወጣ ያገኘዋል።

እንፋሎቱ ከልኩ ሲያልፍ የሚመጣውን ጥፋት ለማየት ግን ከቤተ ሙከራው ወጥቶ ወደ ጎጃም መንደር መዝለቅ ይጠቅማል፤ አረቄ የምታወጣ እናት ይህን ጥበብ ያለ ቮልትና ያለ ኪሎ ካሎሪ ታውቀዋለችና። ከጌሾ፣ ከብቅልና ከዳጉሳ የተደፈደፈውን ድፍድፍ ከጣደች በኋላ፣ አፉን በጭቃና በእበት መርጋ፣ የሸምበቆውን ቱቦ ወደ መቀበያው አጋጥማ፣ መቀበያውንም በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጣ፣ እስኪፈላ ድረስ እሳቱን ታነድዳለች፤ እንፋሎቱ ቱቦውን ማሞቅ ሲጀምር ግን ወዲያው ግንዲላውን ወደ ኋላ ትስባለች፤ በእጇ ቱቦውን እየዳሰሰች እሳቱን በልክ ትመግባለች፤ የመቀበያው ውሃ ለብ ሲልም ትለውጣለች። ቸኩላ ብታነድድ ድፍድፉ አረፋ ሆኖ ከእንፋሎቱ ጋር በቱቦው ይሻገርና አረቄው ይደፈርሳል፤ ያልረጋውም እንፋሎት በስንጥቁ ሁሉ ይሸሻል። ዳግም አረቄ ብላ መልሳ ስታወጣው ደግሞ እሳቱን ይበልጥ ትቆጥባለች።

በኤሌክትሪኩ ማንጠሪያም የሚሆነው ይኸው ነው። ፍሉ በረታ ቁጥር አረፋዎቹ እየፈነዱ ዓይን የማያያቸው ረቂቅ ፍንጣቂዎችን ወደ ላይ ይረጫሉ፤ እንፋሎቱ በዝግታ የሚወጣ እንደ ሆነ ፍንጣቂው በክብደቱ ተመልሶ ይወርዳል፤ በፍጥነት የሚወጣ እንደ ሆነ ግን ጨዉን እንደ ተሸከመ ወደ ማቀዝቀዣው ይነዳል። ዓይን እያየው ጥሩ የሚመስለው ውሃ በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ሲፈተን ጨው ያለበት ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። በዚህ ነገር ላይ የደጋ አገር የራሱ ፈተና አለው፤ አንድ ኪሎ ውሃ በባሕር ጠረፍ ሲፈላ የሚሰጠው እንፋሎት 1,670 ሊትር ያህል ስፍራ ሲይዝ፣ በደብረ ማርቆስ ግን አየሩ ስስ ስለ ሆነ ወደ 2,200 ሊትር ይሰፋል። ስለዚህ ያው መሣሪያ፣ በያው ኪሎ ዋት፣ እዚህ ሲሠራ እንፋሎቱ በጉሮሮው የሚያልፍበት ፍጥነት በሢሶ ገደማ ይጨምራል፤ ፋብሪካው ለባሕር ጠረፍ አስቦ በሰሌዳው ላይ የጻፈው ልክ ለእኛ ተራራ ሳይመረመር የሚወሰድ አይደለም።

ኃይሉን ለመመጠን ያሉት መንገዶች ብዙ ናቸው። ከሁሉ የሚቀለው ሪዚስታንሱን ከአንድ ባለ 3 ኪሎ ዋት ይልቅ ሦስት ባለ 1 ኪሎ ዋት አድርጎ፣ እንደ አስፈላጊነቱ አንዱን፣ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ማብራት ነው፤ ብልሽቱም ቢሆን ለመጠገን ያመቻል። ቫሪያክ የሚባለው ትራንስፎርመር ቮልቱን በእጅ እያዞሩ ዝቅና ከፍ ለማድረግ ያስችላል፤ ሥራው እጅግ የተቃና ሲሆን፣ 3 ኪሎ ዋት የሚችለው ግን ከባድና ውድ ነው። በምድጃ ላይ የሚታወቀው፣ በሁለት ማዕድን ልጥፍ መሞቅና መቀዝቀዝ እሳቱን የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ለረጅም ሴኮንዶች ሙሉውን አብርቶ ለረጅም ሴኮንዶች ሙሉውን ያጠፋልና፣ የሰዓቱ ድምር ትክክል ቢሆንም በበራበት ጊዜ ሁሉ ፍሉ በሙሉ ኃይሉ ስለሚናወጥ ፍንጣቂውን አይከለክልም። ስለዚህ እኔ የምመርጠው የኤሌክትሮኒኩን ሪሌይ ነው፤ መብራታችን በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነውና፣ ይህ ሪሌይ ከ50ው ምልልስ ለምሳሌ 33ቱን አሳልፎ 17ቱን ሲያስቀር ውሃው ከክብደቱ የተነሣ መቆራረጡን ሳይሰማው ሁለት ሦስተኛውን ኃይል ብቻ እንደ ተቀበለ ሆኖ በእኩል ይፈላል። ቮልቱን እየለካ ማታ 180 በሆነ ጊዜ ሁሉንም እንዲያሳልፍ፣ ሌሊት 220 በሆነ ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ እንዲያሳልፍ ቢታዘዝ፣ ማንጠሪያው ቀንም ሌሊትም በ2 ኪሎ ዋት ጸንቶ ይኖራል።

ማቀዝቀዣውም ከእሳቱ ጋር መመጣጠን አለበት። አንድ ሊትር ውሃ የሚሆነውን እንፋሎት አርግቶ ለማውረድ፣ የቧንቧው ውሃ 50 ዲግሪ እንዲሞቅ ቢፈቀድለት እንኳ ከ10 ሊትር በላይ ይጠይቃል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል ወጪ አይደለምና፣ ለብ ብሎ የሚወጣውን በበርሜል አጠራቅሞ ለእጥበት ማዋል ይገባል። ቧንቧው በድንገት ሲደርቅ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ የሌለው ማንጠሪያ ደግሞ ያለ ጠባቂ ሊተው አይገባውም። በሪዚስታንሱ ላይ የሚጋገረው ነጭ ኖራም ብዙ ሰው እንደሚያስበው የእንፋሎቱን መጠን ወዲያው አይቀንስም፤ ኃይሉ ያው ሆኖ ሙቀቱ ወደ ውሃው መውጫ ስለሚያጣ ሪዚስታንሱ በውስጡ እየጋለ ሄዶ አንድ ቀን ይቃጠላል እንጂ። መሣሪያውን ከመብራት ነቅሎ ኖራውን በአቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ ማሟሟት ከአዲስ ሪዚስታንስ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

እንግዲህ በደብረ ማርቆስም ሆነ በቀረው ደጋ አገር የቤተ ሙከራ ኃላፊ የሆናችሁ፣ በሙያ ትምህርት ቤትም ኤሌክትሪክ የምታስተምሩ፣ ከማንጠሪያው አፍ ሥር የአንድ ሊትር መስፈሪያ አኑራችሁ በጧት፣ በቀትርና በማታ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ቮልቱንም ጨምራችሁ ጻፉ፤ ውሃውንም በመለኪያ ፈትኑ፤ ንጽሕናው የሚጸናበትን፣ የማታው ቮልትም የሚችለውን ኃይል ለይታችሁ መቆጣጠሪያውን በዚያ ላይ አቁሙ። 3 ኪሎ ዋት የተጻፈበት መሣሪያ በ2 ኪሎ ዋት ቢሠራ በሰዓት የሚሰጠው 2.7 ሊትር ያህል ነው፤ በ24 ሰዓት ከ60 ሊትር በላይ ይሆናልና፣ ለአንድ መካከለኛ ቤተ ሙከራ ይበቃዋል።