ስንጥቅ ጌጥ ሲሆን

የግድግዳ ቀለም ሲሰነጠቅ ባለቤቱ ያዝናል፤ ቀቢውም ይወቀሳል። ነገር ግን ስንጥቁ በባለሙያው ፈቃድ የመጣ እንደ ሆነ ነውር መሆኑ ቀርቶ ጌጥ ይባላል። በቻይና በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፥ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር ከ960 እስከ 1279 ባለው ጊዜ፥ የነበሩት ሸክላ ሠሪዎች ይህን ዐውቀውታል። የሸክላው የሚያብረቀርቅ ልባስ ከእሳት ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ከገላው ይልቅ አብልጦ ስለሚኮማተር መረብ የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። እነርሱም ጉድለቱን ወደ ውበት ስለ ለወጡት ዕቃቸው እስከ ዛሬ በየቤተ መዘክሩ ይታያል።

እኛም በቤታችን፥ ያለ እሳትና ያለ ምድጃ፥ ይህን የመሰለ ሥራ በእንጨት ላይ ለመሥራት እንችላለን። የወር ደመወዙ በኪራይና በቀለብ የሚያልቅበት ወጣት ሠራተኛ፥ ወይም መጻሕፍቱን ከአገር ቤት ባመጣው ሣጥን የሚያኖር ተማሪ፥ ሊጥለው ያሰበውን ዕቃ የክፍሉ ጌጥ ሊያደርገው ይቻለዋል።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ይኸውም በውሃ የሚበጠበጥ ሁለት ዐይነት ቀለም፥ ነጭ የእንጨት ኮላ፥ ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት ነው። በመጀመሪያ እንጨቱ ተፍቆና ተጠርጎ ጠቆር ያለውን ቀለም ይቀባል፤ ፈጽሞ እስኪደርቅም ይቆያል። ሁለተኛ፥ ኮላው በላዩ ይቀባል። ሦስተኛ፥ ኮላው ሳይደርቅ፥ ጣት ሲነካው የሚያጣብቅ በሆነ ጊዜ፥ ብሩሹን አንድ ጊዜ ብቻ በማሳለፍ ፈካ ያለው ቀለም ይደረብበታል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስንጥቁ መታየት ይጀምራል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የላይኛው ቀለም ውሃው ሲተን ይኮማተራል፤ ከሥሩ ያለው ኮላ ግን ገና ለስላሳ ስለ ሆነ አጥብቆ ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ ይቀደድና ጥቁሩ ቀለም በመካከሉ ብቅ ይላል። ኮላውና የላይኛው ቀለም ወፈር ቢሉ ስንጥቁ ሰፊ፥ ቢሳሱ ረቂቅ ይሆናል።

እኛ በመጀመሪያ ስንሞክር ኮላውን አንድ ሌሊት አሳደርነውና ደህና ስንጥቅ ሳይወጣ ቀረ። በማግሥቱ ደግሞ ቸኩለን ብሩሹን በተቀባው ላይ ብንመላልሰው ኮላውና ቀለሙ ተደባልቆ ጭቃ መሰለ፤ የሣጥኑንም ክዳን እንደ ገና መፋቅ ግድ ሆነብን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ደረሰብን። ስለዚህ አንባቢያችን አስቀድሞ በቁራጭ ጣውላ እንዲሞክር እንመክራለን።

ሥራው አንድ ቀን ውሎ አድሮ ከደረቀ በኋላ በቨርኒሽ ይሸፈናል። በውሃ የሚበጠበጠው ቨርኒሽ ኮላውን መልሶ ሊያለሰልሰው ስለሚችል በዘይት የተሠራው ይሻላል፤ መስኮትም መከፈት አለበት።

ሁለት ነገር ግን እናሳስባለን። ከብዙ ዓመት በፊት በተቀባ ዕቃ ላይ እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን ያለበት ቀለም ሊኖር ይችላል፤ ብናኙም ይልቁንም ለሕፃናት አእምሮ ጎጂ ስለ ሆነ እንዲህ ያለውን ዕቃ መፋቅ አይገባም። ደግሞም ጊዜ ራሱ ያስረጀውን የአባቶች ቅርስ በቀለም መሸፈን ማበላሸት እንጂ ማስጌጥ አይደለም።

ሣጥኑን አይቶ ለሚያደንቅ እንግዳም፥ «የአያቶቻችን ነው» ብለን ልናታልለው አይገባንም። «የእጃችን ሥራ ነው» ማለት ይበቃል፤ ያኮራልም።