የድብድብ ጌምና የጀማሪ አውራ ጣት

እሑድ ከአፋር ቆላ፣ ከአርጎባና ከኦሮሞ መንደሮች፣ ከአማራውም ደጋ የሚወርደው ሕዝብ በሰንበቴ ገበያ ሲገናኝ፣ ፍየሉን ሸጦ ጉዳዩን የፈጸመ ጎረምሳ የተረፈችውን ጥቂት ብር ይዞ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ቢል፣ የሚጠብቀው በብዙ ከተሞቻችን የተለመደው ሥርዓት ነው፤ ሒሳቡ በጨዋታ ይቆጠራል፣ የተሸነፈም ጆይስቲኩን ለተረኛ ሰጥቶ ይነሣል። የእግር ኳሱ ጌም በዚህ ረገድ ርኅሩኅ ነው፤ አምስት ለዜሮ የሚመራ እንኳ ሰዓቱ እስኪያልቅ ይጫወታል። የድብድቡ ጌም ግን ምሕረት ስለማያውቅ ጀማሪው ምን እንደ መታው ሳይገባው ይሰናበታል።

መከራው የሚጀምረው ከጣት ነው። የጃፓኑ ካፕኮም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ባወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ሪዩ የተባለው ተፋላሚ ከመዳፉ ነበልባል ይወረውር ዘንድ፣ ተጫዋቹ አውራ ጣቱን ከታች በሰያፍ ወደ ፊት አንሸራቶ ወዲያው የቡጢውን ቁልፍ መጫን አለበት፤ ጥቂት ቢዘገይ ሪዩ አየር መትቶ ይቀራል። ይህን ከጀማሪ መሻት ጉባኤ ቃና ያልሞላለትን የቅኔ ተማሪ መወድስ ተቀኝ እንደ ማለት ነው።

በ2023 የወጣው ስትሪት ፋይተር 6 «ሞደርን» በተባለው አያያዝ ያንኑ ነበልባል በአንድ ቁልፍ ሲያስወረውር፣ ጣቱን ያለማመደ ሰው ድካም ዋጋ እንዳያጣ ጉዳቱን በ20 በመቶ ይቀንሳል። በ2024 የመጣው ቴክን 8 ደግሞ ወደ ቀላል የአያያዝ ስልት በፍልሚያው መካከል በአንድ ቁልፍ ያሸጋግራል፤ ነገር ግን አንዱን ቁልፍ ለሚደጋግም ሁሉ የተዋበ የምት ሰንሰለት ስለሚደረድር፣ ልግስናው ለእኔ ይበዛብኛል።

ነባሮቹ ተጫዋቾች «ጥበባችን ረከሰ» ቢሉም፣ የጨዋታው ምሥጢር ያለው በልቡና እንጂ በጣት አይደለም። መከላከል ምትን ይመክታል፣ ጨብጦ መጣል መከላከልን ያፈርሳል፣ ምት ደግሞ ሊጨብጥ የመጣውን ይቀድማል፤ ከሦስቱ ባላጋራው የቱን እንዳሰበ መገመትን የትኛውም ቁልፍ አይሠራለትም። አንድ ቅሬታ ግን እውነት አለው፤ ዘሎ የሚመጣን ባላጋራ በአንድ ቁልፍ መመለስ ጣቱን ከሚያንሸራትተው ይልቅ ስለሚፈጥን፣ የጉዳቱ ቅናሽ ለዚህ ይበቃል ወይ ተብሎ ቢጠየቅ አይነቀፍም።

ከፕሌይስቴሽኖች ቴክን 8 የሚነሣው በ5ኛው ብቻ ሲሆን ስትሪት ፋይተር 6 በአሮጌው በ4ኛውም ይሠራልና፣ ለትንሽ ከተማ የሚቀርበው ይኸኛው ነው። የቤቱ ባለቤትም እንግዳው ተፋላሚውን ሲመርጥ አያያዙን ወደ ሞደርን ቢያዞርለት፣ ጎረምሳው ለሚቀጥለው እሑድም ተረኛ ይሆናል።