ከፎቶ ቆርጦ ማውጣት፦ ተረቱና እውነታው

አንድን ሰው ወይም ዕቃ ከፎቶ ቆርጦ ማውጣት ማለት የትኛው ፒክስል እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚወገድ፣ የትኛው ደግሞ በከፊል እንደሚቀር መወሰን ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይኸው ሦስተኛው ወገን ነው። በዚህ ሥራ ዙሪያ ከሚነገሩት እምነቶች ሁሉ ጉዳቱ የከፋው «ፕሮግራሙ በአንድ ጠቅታ ይጨርሰዋል» የሚለውም ጥፋቱን የሚያደርሰው እዚሁ ላይ ነው።

እምነቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ2018 ዋናውን አካል በራሱ ለይቶ የሚመርጥ ትእዛዝ ጨምሯል፤ ዛሬ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ የስልክ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። ጫማ ወይም ካርቶን ነጭ ግድግዳ ፊት ተነሥቶ ከሆነ ውጤታቸው በእጅ ከተሠራው እምብዛም አያንስም። ለሽያጭ ለሚለጠፍ ትንሽ የሸቀጥ ፎቶ ከዚያ በላይ መድከም ጊዜ ማባከን ነው።

ጣጣው የሚመጣው ጸጉርና ነጠላ ላይ ነው። አፍሮዋን ለቃ፣ ነጠላ ደርባ ዛፍ ሥር ፎቶ የተነሣች ተመራቂን እንውሰድ። ምስሉ በደንብ ጎልቶ ሲታይ ከአፍሮው ዳር ያለው ፒክስል ጥቁርም አረንጓዴም አይደለም። ካሜራው በአንዲት ትንሽ ካሬ ውስጥ የገባውን ብርሃን ሁሉ አንድ ቀለም አድርጎ ስለሚመዘግብ የጸጉሩና የቅጠሉ ቀለም እዚያ ተደባልቋል። ያ ፒክስል እንዳለ ከቀረ ጸጉሩ ዙሪያውን አረንጓዴ ይቀባል፤ ከተወገደ ደግሞ ጥቅልሉ ሁሉ ተላጭቶ ልጅቷ ሄልሜት ያጠለቀች ትመስላለች። ነጠላው ላይ ይብሳል። ጥለቱ ድፍን ስለሆነ አያስቸግርም፤ ስሱ ሸማ ግን ከኋላው ያለውን ቅጠል ያሳያል። ተቆርጦ ሌላ ዳራ ላይ ሲለጠፍ ቅጠሉም አብሮ ይሄዳል።

ፕሮግራሞች እዚህ የሚሳሳቱበት ምክንያት በስሌት ይታወቃል። አንድ ፒክስል የሚሰጠው መረጃ 3 ቁጥር ብቻ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። የሚፈለገው ግን 7 ነው፦ የአካሉ ቀለም 3፣ የዳራው ቀለም 3፣ እንዲሁም የአካሉ ድርሻ ስንት እጅ እንደሆነ። ከ3 የታወቀ 7 ያልታወቀ በእርግጠኝነት አይገኝም፤ ፕሮግራሙ የቀረውን ይገምታል። ፊልም ሠሪዎች አረንጓዴ መጋረጃ የሚዘረጉት የዳራው ቀለም አስቀድሞ እንዲታወቅ ነው፤ ያም ሆኖ 4 ያልታወቀ ይቀራል። ይህን ሳይናገሩ በአጭር ቪዲዮ «አንድ ጠቅታ ይበቃል» የሚሉ አሠልጣኞች የሚያሳዩት ምሳሌ ብዙ ጊዜ ጸጉሩን የተላጨ ሰው ወይም የቡና ስኒ መሆኑ አያስገርምም። ከፍሎ የተበላሸ ፎቶ ይዞ የሚሄደው ደንበኛው ነው።

መፍትሔው ጠቅታውን መተው ሳይሆን መነሻ ማድረግ ነው። ምርጫው ወደ ማስክ ይለወጣል። ማስክ በተለመደው ባለ 8 ቢት ምስል ከ0 እስከ 255 ደረጃ አለው፤ ነጩ ያስቀራል፣ ጥቁሩ ይደብቃል፣ ግራጫው በከፊል ያሳያል። ስለዚህ ጥለቱ ነጭ፣ ስሱ ሸማ ግራጫ ይደረጋል። የጸጉሩ ዳር ጠርዝ በሚያጠራው ብሩሽ ይታሻል፤ ከዚያ የተረፈው አረንጓዴ ለብቻው ይታረማል። ከሁሉ የሚቀለው ግን ፎቶው ሲነሣ ማሰብ ነው፦ ወደፊት ከሚገባበት ዳራ ጋር የሚቀራረብ ቀለም ያለው ግድግዳ ከተመረጠ የቀረው ርዝራዥ አይታወቅም።

«ዳራውን በማጥፊያ ማጥፋት ያው ነው» የሚሉም አሉ። ማጥፊያ ፒክስሉን ይደመስሳል፤ ፋይሉ ተቀምጦ ከተዘጋ በኋላ በስሕተት የተበላ ጆሮ አይመለስም። ማስክ ግን ስለሚደብቅ ብቻ በነጭ ብሩሽ መልሶ ማውጣት ይቻላል።

ጠርዙን ዙሪያውን እኩል ማለስለስ ሁሉንም ያስተካክላል መባሉም ስሕተት ነው። የጸጉሩ ዳር ልስላሴ፣ የሰዓቱና የመነጽሩ ዳር ስለት ይፈልጋል፤ አንድ ልክ ለሁለቱም ሲሰጥ መነጽሩ ብዥ ይላል።

«ቆርጬ አስቀምጬው ነጭ ሆኖ መጣ፤ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል» የሚለው ቅሬታ መነሻው የፋይሉ ዓይነት ነው። ጄፔግ ግልጽነትን አይይዝም፤ ፒኤንጂ ይይዛል። ለዚህ ሥራ የተከፈለበት ፎቶሾፕ የግድ ነው የሚባለውም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በነፃ የሚገኘው ጊምፕ ማስክም ሌየርም (የምስል ንብርብር) አለው።

የመጨረሻው በተለይ ለዲቪና ለቪዛ አመልካቾች ነው። የአሜሪካ ቪዛ ፎቶ ነጭ ወይም ነጣ ያለ ዳራ ስለሚጠይቅ፣ «የትም ቦታ ተነሥቶ ዳራውን ነጭ ማድረግ ነው» የሚሉ ፎቶ ቤቶች አሉ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መመሪያ ግን ፎቶው በኮምፒውተር እንዳይለወጥ ይላል። በቆረጣው ወቅት የጠበበ ጉንጭ ወይም የተበላ ጆሮ መልክን ይለውጣል። አመልካቹ እውነተኛ ነጭ ግድግዳ ፊት መቆም አለበት።