100 ኪሎ ውሃ ጭኖ የሄደ አውቶብስ 3 ኪሎ ፕላስቲክ ይዞ መመለስ ለምን ያቅተዋል?

እሁድ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት። አውቶብሱ ቆሟል። 50 ሰው ተመዝግቧል፣ ክፍያ በቴሌብር ገብቷል። ፓኬጁ ውስጥ ቁርስ፣ ቲሸርት፣ ፎቶ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ ሁለት ባለ አንድ ሊትር ውሃ አለ። መድረሻ፦ ወንጪ።

ማታ ስትመለሱ ስልካችሁ ላይ 200 ፎቶ አለ። 100ዎቹ ሃይላንዶችስ የት ቀሩ?

ዛሬ ስለ ሰርኩላር ኢኮኖሚ እናውራ። ስሙ ሲሰማ የሆቴል አዳራሽ ወርክሾፕ ይመስላል። ነገርየው ግን ሰፈራችሁ ሱቅ በር ላይ አለ።

የጠርሙስ ለስላሳ ስትገዙ ባለሱቁ “እዚሁ ጠጣው” ይላል አይደል? ይዤ ልሂድ ካላችሁ ወይ ባዶ ጠርሙስ ትሰጡታላችሁ፣ ወይ ማስያዣ ትከፍላላችሁ። ሙሉ ሳጥን ያመጣው መኪና ባዶ ሳጥን ጭኖ ይመለሳል፣ ፋብሪካው አጥቦ ደግሞ ይሞላዋል። በቃ፣ ሰርኩላር ኢኮኖሚ ማለት ይሄ ነው፦ አንድ ነገር ተሠርቶ፣ አንዴ አገልግሎ ከመጣል ይልቅ ደጋግሞ እንዲዞር ማድረግ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ባዶው ጠርሙስ ላይ ገንዘብ ተይዟል፣ ስለዚህ ማንም አይጥለውም። ሁለተኛ፣ የመመለሻ መኪና አለው። መስታወት ከባድ ነው፤ መኪናው ለማንኛውም ባዶውን የሚመለስ ባይሆን ኖሮ አያዋጣም ነበር።

ወደ ወንጪ በአምቦ በኩል ከሄዳችሁ የዚህን ጠርሙስ አገር እያቋረጣችሁ ነው። አምቦ ውሃ ለስንት ትውልድ በሚመለስ ጠርሙስ ተጠጥቷል። (አሁን በፕላስቲክም ይሸጣል።)

ሃይላንድስ?

ስሙ ራሱ የመጣው ከአንድ የታሸገ ውሃ ብራንድ ነው፤ አሁን የማንኛውም የውሃ ፕላስቲክ መጠሪያ ሆኗል። ወደ ጎብኚ ቦታዎች በሚወስዱ መንገዶች ላይ ልጆች መኪና ሲያዩ “ሃይላንድ! ሃይላንድ!” እያሉ የሚሮጡት ባዶውን ፈልገው ነው። ውሃ ይዘውበት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ቤት ውስጥ ዘይት ወይ ጋዝ ይቀመጥበታል፣ ገበያ ላይ ማርና አረቄ ይሸጥበታል። (መስጠት ከፈለጋችሁ መኪናውን አቁማችሁ ስጡ። ከመስኮት አትወርውሩ፤ ልጁ የሚሮጠው አስፋልት ላይ ነው።)

አዲስ አበባ ላይም ሃይላንድ እንዲሁ አይቀርም። ቆራሌው ይሰበስባል፣ በኪሎ ይሸጣል። ምናለሽ ተራ የሚባለውን የመርካቶ ክፍል የሚያውቅ ሰው “ቆሻሻ” የሚለው ቃል ይከብደዋል፤ እዚያ ሁሉም ነገር የሆነ ነገር ይሆናል። ሰርኩላር ኢኮኖሚን ከማንም በፊት የሠሩት ሰዎች እነሱ ናቸው፣ ማንም ሰርተፍኬት ባይሰጣቸውም።

ታዲያ ወንጪ ላይ ለምን ይቀራል?

ሒሳቡን እንሥራ። ባዶ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ 30 ግራም ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት 33 ያህል ያስፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚዞር ቆራሌ ባንድ ጠዋት ማዳበሪያ ሙሉ ያገኛል። ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በየቦታው የተበተነ ሃይላንድ ለመልቀም የሚወጣ ግን የለም፤ የትራንስፖርቱን እንኳ አይመልስለትም። ገጠር ቀበሌ ውስጥ ደግሞ እንደ ከተማው በየበሩ የሚያልፍ የቆሻሻ ጋሪ የለም። ስለዚህ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ባለበት ይቀራል።

ወንጪ ደግሞ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ዙሪያው ጠርዝ፣ መሐሉ ሐይቅ። ከጠርዙ ወደ ውስጥ የወደቀ ነገር በጎርፍ ሲሄድ የሚደርስበት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሐይቁ ዳር ሰው ይኖራል፣ ያርሳል፣ ከብት ያጠጣል። ፈረስ የሚያከራዩትና ጀልባ የሚቀዝፉት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ያላት ይሄን ሁሉ ይዛ ነው። ስለዚህ የእኛ ሃይላንድ የሚያበላሸው የሰዎቹን የገቢ ምንጭ ነው።

አሁን ወደ አውቶብሱ እንመለስ። ጠዋት ሲሄድ 100 ሊትር፣ ማለትም 100 ኪሎ ውሃ ጭኗል። ማታ ሲመለስ ሊይዝ የሚገባው ባዶ ፕላስቲክ ስንት ነው? 3 ኪሎ። ቦታ ይይዛል ካላችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ጨፍልቁት፣ አየሩ ይወጣል። ያው አውቶብስ፣ ያው መንገድ፣ ነዳጁም ለማንኛውም ተከፍሏል። የቢራው መኪና ያለው የመመለሻ ጉዞ እኛም አለን ማለት ነው። የጎደለን ማስያዣው ብቻ ነው።

ማስያዣ ሲባል ግን አያያዙ ወሳኝ ነው። ኔፓል ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምራ ኤቨረስት የሚወጣ ቡድን 4,000 ዶላር እንዲያስይዝ፣ እያንዳንዱ ወጪ ቢያንስ 8 ኪሎ ቆሻሻ ይዞ እንዲወርድ አዘዘች። ብዙዎቹ ብራቸውን አስመለሱ፣ ላይኛው ካምፕ ግን አልጸዳም። ለምን? 8 ኪሎ ለመሙላት ከታችኛው ካምፕ መልቀምም ይቻላላ!

ደቡብ ሕንድ ውስጥ ኒልጊሪ በሚባለው ተራራማ የጎብኚ አካባቢ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጡ። ጫካ ውስጥ የሚጣለው የመጠጥ ጠርሙስ ስብርባሪ የዝሆኖችን እግር እየቆረጠ አስቸገረ። በ2022 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት ግፊት እያንዳንዱ ጠርሙስ 10 ሩፒ ተጨምሮበት እንዲሸጥ፣ ባዶውን ላመጣ ሰው 10 ሩፒው እንዲመለስ ተደረገ። ጎብኚው ቢጥለው እንኳ ሌላው አንስቶ ገንዘቡን ይወስዳል። ልዩነቱ ገባችሁ? ኔፓል ያስያዘችው በኪሎ ነው፣ ኒልጊሪ በእያንዳንዱ ጠርሙስ።

እኛ ጋስ? በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል፤ ሃይላንድ ግን ክልከላው ውስጥ የለም። ስለዚህ ለጊዜው ነገሩ ያለው በጉዞ አዘጋጆቹና በእኛ እጅ ነው።

ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፦ ፓኬጁ ላይ በአንድ ሃይላንድ 20 ብር ማስያዣ ይጨመር። ማታ አውቶብሱ ላይ ሁለቱን ያስረከበ 40 ብሩን ይቀበላል። መንገድ ላይ ሰው የጣለውን ያነሳም የዚያን ሰው 20 ብር ይውሰድ። ማን የማን እንደሆነ እንዳትጨቃጨቁ ጠዋት ሲታደል በማርከር ቁጥር ይጻፍበት።

ከዚህም የተሻለ አለ። ባለ 20 ሊትር የውሃ ጃር ታውቃላችሁ፤ ባዶውን ሰጥታችሁ ሙሉውን የምትቀበሉት። አምስት ጃር ማለት ያው 100 ሊትር ነው። አምስቱ የአውቶብሱ ኋላ ይቀመጡ፣ ሁሉም ሰው የራሱን ኮዳ ይዞ ይምጣ። ሃይላንድ ሳይገዛ ስለሚቀር የሚመለስም የሚጣልም የለም፤ ለአዘጋጁም ወጪው ይቀንሳል።

አንዳንድ አዘጋጆች “ሰው የታሸገ ካልሆነ አያምንም” ይላሉ። ጃሩም እኮ ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ ማኅተሙን ሰው ፊት ክፈቱት።

የምትሄዱበት የሃይኪንግ ቡድን ከእነዚህ አንዱን ሞክሮ ከሆነ እንዴት እንደሄደ ኮመንት ላይ ጻፉልን። ካልሞከረ ደግሞ ለቀጣዩ ጉዞ ከመክፈላችሁ በፊት ግሩፑ ላይ አንድ ጥያቄ ጣሉ፦ “ውሃው በምንድን ነው የሚመጣው? ባዶውስ ማን ይዞት ይመለሳል?”