አሮጌ ቡታጋዝ ስለ ምን አልያዝ ይላል?

ስለ ቡታጋዝ መጻፍ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ሥራ ነውን? ብሎ የሚሥቅብን የምሕንድስና ወንድም አይጠፋም። ይሣቅ፤ ነገር ግን ቤት በኅብረት ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች የምናበስልበት ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ አሮጌ ነው። ማታ ማታ ማቀጣጠያውን እየተጫነ የሚራገም ሰው በየቤቱ ስላለ፣ ከርግማኑ ይልቅ ነገሩን መርምሮ ማወቅ ይሻላል ብለን ይኸን ጻፍን።

እሳት እንዲነሣ ከአየር ጋራ በልክ የተቀላቀለ ጋዝና ብልጭታ ባንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው። እንግዲህ ምድጃው አልያዝ ባለ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው፣ ከሁለቱ የጎደለው የትኛው ነው? የሚለው ነው። ይኸን ለመለየት ክብሪት ይበቃል። መስኮቱን ከፍቶ፣ የጋዝ ሽታ አለመኖሩን አረጋግጦ፣ የተለኮሰውን ክብሪት ወደ ምድጃው ካስጠጉ በኋላ ጋዙን መክፈት ነው። ከያዘ ጋዙ ደኅና ነውና ጥፋቱ የብልጭታው ነው፤ ካልያዘ ግን ማቀጣጠያውን በከንቱ አንውቀሰው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ጋዙን ከፍቶ ክብሪት የሚፈልግ ሰው ቅንድቡን ይከፍላል።

ብልጭታው ከየት ይመጣል? ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በ1880 እ.ኤ.አ. እንደ ኳርትዝ ያሉ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚወልዱ አገኙ። ማቀጣጠያውን ስንጫን በሞላ የተወረወረች ትንሽ መዶሻ ይኸን የመሰለውን ቁስ ትመታለች፤ በዚያች ቅጽበት ብዙ ሺህ ቮልት ተወልዶ በሽቦ ይሄድና ከጫፉ እስከ ምድጃው ራስ ያለውን የጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ይዘላል። ታዲያ ጫፉን የያዘው ነጭ ሸክላ ተሰንጥቆ፣ ወይም የወጥ ቅባትና የክረምት እርጥበት ለብሶ እንደ ኾነ፣ ኤሌክትሪኩ የሚቀለውን መንገድ መርጦ በጎን ያመልጣል። ጋዙ ተዘግቶ፣ ሽታም ሳይኖር፣ በጨለማ ቢጫኑት የት እንደሚዘል በዓይን ይታያል። ቅባቱን ጠርጎ ማድረቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የተሰነጠቀው ሸክላ ግን መለወጥ አለበት። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ዐይነት ጠቅታው ሲዘገይ ድንጋዩን መለወጥ ነው።

የጎደለው ጋዙ ከኾነና ቦምቦላው ባዶ ካልኾነ፣ ምክንያቱ በብዛት ቆሻሻ ነው። ሽሮ ገንፍሎ የምድጃውን ራስ ቀዳዳዎች ይደፍናል። ከሥር ያለችው፣ ጋዙ የሚረጭባት ቀዳዳ ደግሞ ካንድ ሚሊሜትር የጠበበች ናት፤ በሚስማር ቢጎረጉሯት ትሰፋና ጋዙ ከልክ በላይ ይወጣል፣ ነበልባሉም ቢጫ ኾኖ ድስቱን ያጠቁራል። ለረጅም ጊዜ ሳይነካ በቆየ ምድጃ ቱቦ ውስጥ ሸረሪት ድር አድርታ መንገዱን የምትዘጋበት ጊዜም አለ፤ ቀልድ አይደለም። ቢጫ ነበልባል ኹሉ ግን የቆሻሻ ምልክት አይደለም። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ኾነ፣ ለቆላ የተለካ ምድጃ እዚህ አየር ያንሰዋል።

ከኹሉ የምንፈራው ትዕግሥት ማጣትን ነው። ጋዙ በአየር ውስጥ ከመቶ 2 ያህል ካልደረሰ፣ ወይም ከመቶ 10 ያህል ካለፈ አይቀጣጠልም። ስለዚህ ጋዙን ከፍቶ ደጋግሞ የሚጫን ሰው «እንቢ አለ» ሲል ጋዙ በምድጃው ዙሪያ በዝቶ ይኾናል፤ ጥቂት አየር ሲገባበት ወደሚቀጣጠልበት ልክ ይመለሳል። ደግሞም ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለሉና ወደ አልጋ ሥር ይወርዳልና ከፍ ያለ መስኮት ብቻ መክፈት አያስወጣውም፤ በሩም ይከፈት። ሦስት አራት ጊዜ ተጭነው ካልያዘ ጋዙን ዘግቶ ቢያንስ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ይገባል። ሽታው ካልጠፋ የቦምቦላውን መዝጊያ ዘግቶ መውጣት ነው፤ መብራትም አይበራም፣ አይጠፋም።

ያረጀ ጎማ ሲታጠፍ ስንጥቁ ይታያል። የማይታየውን ለማግኘት በጎማውና በማያያዣው ላይ የሳሙና አረፋ መቀባት ነው፤ የሚያፈስበት ቦታ ይፈላል። የፈላውን ጎማ በፕላስተር የሚጠቀልል ጓደኛ ካለን፣ ፕላስተሩን ነጥቀን አዲስ ጎማ እንዲገዛ እናዋጣለት።