የፒራሚዱ ካቦ የሥራ መዝገብ

ስለ ግብፅ ፒራሚዶች ወሬ ሲነሣ ሁሉም የሚጠይቀው ድንጋዩ እንዴት እንደወጣ ነው። በአፈር ዳገት ላይ ጎትተውት ነው የሚል አለ፤ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሥራ ነው የሚልም አልጠፋም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ታላቁ የንጉሥ ኩፉ ፒራሚድ 2.3 ሚሊዮን ያህል ድንጋይ እንደፈጀ ይገመታል። ግንባታው 20 ዓመት ወስዷል፣ በቀንም 10 ሰዓት ተሠርቷል ብንል፣ ያለ አንድ ቀን ዕረፍት በየሁለት ደቂቃው አንድ ድንጋይ ቦታው ላይ መቀመጥ ነበረበት። አንድ ድንጋይ ማውጣት የጉልበት ጉዳይ ነው። ይህን ለ20 ዓመት ማስቀጠል ግን ጀልባው በቀኑ እንዲመለስ፣ ገመዱ እንዳያልቅ፣ የሠራተኛው ዳቦም እንዳይዘገይ ማድረግን ይጠይቃል።

የዚህን ሥራ ጓዳ የሚያሳይ ጽሑፍ ለረጅም ዘመን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 ፒየር ታሌ የተባለው ፈረንሳዊ የጥንታዊት ግብፅ ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ዋዲ አል ጃርፍ በሚባል ጥንታዊ ወደብ ላይ፣ ከዐለት የተፈለፈሉ መጋዘኖች ደጃፍ የፓፒረስ ቁርጥራጮች አገኙ። እስከ ዛሬ ከተገኙ ጽሑፍ ያለባቸው ፓፒረሶች ሁሉ የቀደሙ ናቸው፤ ከ4,500 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የተወሰኑት እ.ኤ.አ. በ2016 በካይሮው የግብፅ ሙዚየም ለሕዝብ ታይተዋል። በውስጣቸው የንጉሥ ውዳሴ ወይም ጸሎት የጠበቀ ሰው ያዝናል። የተገኘው በዛሬ ሳይት ቋንቋ የሥራ ውሎ መዝገብና የስንቅ ሒሳብ ነው።

መዝገቡ ሜረር የሚባል ሰው የሚመራው ቡድን የሥራ ውሎ ነው። ሜረር መኰንን ወይም መሐንዲስ አልነበረም፤ 40 ያህል ሰዎችን የሚመራ የቡድን አለቃ፣ እኛ ካቦ የምንለው ዓይነት ሰው ነው። የቡድኑ ሥራ ለፒራሚዱ ውጫዊ ልባስ የሚሆነውን ነጭ የኖራ ድንጋይ ከዓባይ ምሥራቃዊ ዳር፣ ከቱራ ካባ፣ በጀልባ ጭኖ ወደ ጊዛ ማድረስ ነበር። ገጹ ከላይ ወሩን ይዞ፣ ከሥሩ ለእያንዳንዱ ቀን ቦታ ተከፍሎለታል። አንድ ቀን ቱራ ላይ ድንጋይ ሲጭኑ ውለው እዚያው አደሩ፤ በማግስቱ ተነሥተው በኩፉ ሐይቅ አደሩ፤ በሦስተኛው ቀን ፒራሚዱ ጋ ደረሱ፤ በአራተኛው ወደ ቱራ ተመለሱ። ደግሞ ከመጀመሪያው። በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ምልልስ ይሆናል። አሰልቺ ንባብ ነው፤ ጥሩ የሳይት መዝገብም አሰልቺ መሆን አለበት።

ከዚህ አሰልቺ ዝርዝር ግን ብዙ ነገር ይወጣል። ጀልባው ድንጋይ ጭኖ ወደ ሰሜን ሲወርድ የወንዙ ፍሰት ይገፋዋል፤ ባዶውን ወደ ደቡብ ሲመለስ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ሸራውን ይሞላዋል። ጭነቱ የሚመላለሰውም ጎርፉ በሚሞላበት ወራት ነበር፤ ያን ጊዜ ውኃው በቦይና በሐይቅ እስከ ፒራሚዱ አቅራቢያ ይደርሳል። ጎርፉ ደግሞ በአብዛኛው የእኛ ክረምት ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ የዘነበው በዓባይና በተከዜ ወርዶ ጊዛ ደርሶ ድንጋይ ይሸከም ነበር። የሥራ ዕቅዱን የወሰነው የንጉሡ ትዕዛዝ ብቻ ሳይሆን የውኃው ቀን መቁጠሪያም ነው። ጎርፉ ሲጎድል ቡድኑ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ለሌላ ሥራ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። መዝገቡ ከፒራሚዱ ርቆ በቀይ ባሕር ዳር የተገኘውም ለዚህ ነው፤ ወደቡ መዳብ ፍለጋ ወደ ሲና የሚሻገሩበት ነበር።

በመንገዱ መካከል ጀልባዎች የሚያልፉበት አንድ መቆጣጠሪያ ነበረ። የእሱ ኃላፊ አንኽሃፍ ይባላል፤ የንጉሥ ኩፉ ወንድም ነው፣ በአንድ ወላጅ። ከንጉሡ ቤተሰብ የሆነ ሰው ቤተ መንግሥት ከመዋል ይልቅ የድንጋይ ጀልባዎች መተላለፊያ ላይ መመደቡ ብዙ ይናገራል። በሜረርና በአንኽሃፍ መካከል ያለው የሥልጣን ርቀትም አጭር ነው፤ የ40 ሰዎች አለቃ የጻፈው መዝገብ የንጉሡን ወንድም በስም ያነሣል። ስንት የዛሬ ካቦ የፕሮጀክቱን ኃላፊ በስም ያውቀው ይሆን?

ከመዝገቡ ጋር የተገኙት የስንቅ ሒሳቦች ደግሞ ለእኔ ከድንጋዩ ይበልጣሉ። ሊመጣ የሚገባው፣ የመጣው እና የቀረው ለየብቻ ይጻፋል። ዕቅድና አፈጻጸም ጎን ለጎን፣ ጉድለቱ ሳይደበቅ። ቡድኑ ቱራ ላይ ሳለ ምግብ ለማምጣት ሰው ወደ ሄልዮፖሊስ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ኦን ወደሚላት ከተማ፣ እንደተላከም ተመዝግቧል።

የፒራሚድ ሠራተኞች ዳቦ የት ይጋገር እንደነበረም ይታወቃል። አሜሪካዊው ማርክ ሌህነር ከጊዛ ፒራሚዶች በስተደቡብ በቆፈረው የሠራተኞች ከተማ ዳቦ ቤቶች፣ ረጃጅም አዳራሾች፣ የብዙ ከብት፣ በግና ፍየል አጥንት ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 በአቅራቢያው በተገኘው የሠራተኞች መቃብር ደግሞ ተሰብረው በደንብ የተጠገኑ እጆችና እግሮች ታይተዋል፤ ወጌሻ ነበራቸው ማለት ነው። ሄሮዶቱስ መቶ ሺህ ሰው ሠራው ቢልም፣ የዛሬ ተመራማሪዎች ግምት ከ20 ሺህ እስከ 25 ሺህ ገደማ ነው። ቡድኖቹም ስም ነበራቸው፤ ድንጋይ ላይ ከተጻፉት መካከል «የኩፉ ወዳጆች» እና፣ በሌላ ንጉሥ ስም፣ «የመንካውሬ ሰካራሞች» የሚሉ አሉ። ሁለተኛውን ስም ያወጣው አለቃ ነው ብዬ ማመን ይከብደኛል።

ብዙዎቻችን ፒራሚዱን እስራኤላውያን በባርነት እንደሠሩት ሰምተን አድገናል። ኦሪት ዘጸአት ግን የሚናገረው ስለ ጭቃና ጡብ፣ ስለ ፊቶምና ራምሴ ከተሞች ነው፤ ፒራሚዱ ድንጋይ ነው፣ ዘመኑም በጣም ይቀድማል። ይህ ማለት ሠራተኞቹ ሁሉ በፈቃዳቸው መጡ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ለንጉሥ የሚከፈል የጉልበት ግዴታ ኖሮባቸው የመጡ ናቸው። ፒራሚዱ ያስፈልግ እንደሆነ የጠየቃቸውም የለም። ከዚህ የምንወስደው የአሠራሩን ጥበብ እንጂ ዓላማውን አይደለም።

ጥበቡም በአንድ ቀን አልመጣም። የኩፉ አባት ስነፍሩ በዳህሹር ያስጀመረው ፒራሚድ እስከ ግማሽ ድረስ በ54 ዲግሪ ገደማ ተዳፋት ወጣ። መሠረቱ ለክብደቱ አልሆን ብሎ ውስጡ መሰንጠቅ ጀመረ፤ ክፍሉን በዝግባ ግንድ ደገፉት። ከዚያ ከመካከል ወደ 43 ዲግሪ ዝቅ አድርገው ጨረሱት፤ እስከ ዛሬ ጎብጦ ቆሟል። ዛሬ ቢሆን «የዋጋ ንረት» የሚባል ምክንያት ይፈለግለት ነበር። እነሱ ግን ቀጣዩን፣ ቀዩን ፒራሚድ፣ ከመጀመሪያው በ43 ዲግሪ ገደማ ሠሩት። የኩፉ ፒራሚድ ወደ 52 ዲግሪ ሲመለስ የተመሠረተው ጠንካራ ዐለት ላይ ነው፤ ቁመቱ ሲጠናቀቅ 146 ሜትር አልፎ ነበር፣ የመሠረቱ ከፍታ ልዩነትም ከሁለት ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የአባት ስህተት ለልጅ ተላልፎ ጠቀመ፤ ባለሙያዎቹ ከአንዱ ሳይት ወደ ሌላው ባይሸጋገሩ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

የስንቁ ሒሳብ ሲዛባ የሚሆነውም በዚያችው አገር ተመዝግቧል። ከኩፉ 1,400 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በንጉሥ ሦስተኛው ራምሴስ 29ኛ የንግሥና ዓመት፣ የነገሥታት መቃብር የሚቆፍሩት የዴር ኤል መዲና ባለሙያዎች ራሽናቸው ዘገየባቸው። መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወጡ፣ ቤተ መቅደስ አጠገብ ተቀመጡ፤ ልብስ፣ ዘይት፣ ዓሣና አትክልት እንደሌላቸው ተናግረው ለንጉሡ እንዲጻፍላቸው ጠየቁ። በታሪክ በጽሑፍ የተገኘው የመጀመሪያው የሥራ ማቆም አድማ ይህ ነው፤ የተጻፈበት ፓፒረስ ዛሬ በጣሊያን ቱሪን ይገኛል። ሹማምንቱ ራሽኑን ሲሰጧቸው ወደ ሥራ ተመለሱ፤ እንደገና ሲዘገይ እንደገና ወጡ።