ከፍታ ብቻውን ብስክሌተኛ አያፈራም

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት እንፍራንዝን ካለፈ በኋላ ለብስክሌት ውድድር የተቀየሰ ይመስላል፤ ዳገቱም ስስ አየሩም አለ። ኮሎምቢያዊው ኤጋን በርናል ያደገባት ዚፓኪራም ከ2,600 ሜትር በላይ ትገኛለች። እሱ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ገና በ22 ዓመቱ ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ ብዙዎች ምስጢሩን ለከፍታው ሰጡት። እኔ ግን ምስጢሩ ውድድሩ ይመስለኛል፤ ኮሎምቢያ አገር አቀፍ ዙሯን የጀመረችው በ1951 ነውና።

የእኛው ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ገረመው ደንቦባ በ1956 የሜልበርን ኦሊምፒክ በጎዳና ውድድር 24ኛ ወጣ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበው ግን ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2016 ነው፤ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ። ከፍታው በእነዚያ ዓመታት የትም አልሄደም። ጽጋቡን ያሻገረው በ2012 የተቀበለው የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን ኩቤካ፣ ቀጥሎም የጣሊያኑ ላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ነበር። «ምን አሸነፈ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ሙያውን ይስታል፤ አብዛኛው ጋላቢ ደመወዝ የሚበላው ለመሪው ነፋስ እየከለለ፣ ውሃ እያቀበለ ነው (ካሜራም እምብዛም አያየውም)።

ብስክሌት ውድ ነው፣ ሩጫ ግን እግር ብቻ ይበቃዋል የሚለው መከራከሪያ ይከብዳል። ይሁንና ከእኛ በሀብት የማትበልጠው ኤርትራ የራሷን ዙር ገና በ1946 አካሂዳለች፤ ልጇ ቢንያም ግርማይም በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ምዕራፎችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ።